ሳይክሌ ቸርችልን መውጣት አቃተው፤ ፋሻ ከማስቀየሬ በፊት እርዱኝ

የሠራተኛ ሰፈር ልጅ
ማክሰኞ፣ ማታ 2፡50

ሰላም ለሁላችሁ። ብር ከማውጣቴ በፊት የእናንተን ሐሳብ መስማት ፈልጌ ነው።

ሞተር የተገጠመለት ሳይክል አለኝ። ሞተሩ ቱ ስትሮክ ነው፤ ኪቱ ላይ «80 ሲሲ» የሚል ተለጥፎበታል። ታላቅ ወንድሜ ገጥሞ ከሰጠኝ 2 ዓመት አልፎታል። የምሠራው ለማተሚያ ቤት ነው፤ የደረሰኝ ጥራዙን፣ የሠርግ ካርዱን፣ ፖስተሩን የማደርሰው በእሱ ነው። ጠዋት ከፒያሳ ወደ ለገሃርና ሜክሲኮ እወርዳለሁ፣ ቀኑን እዚያው እውላለሁ፣ ሲመሽ ቸርችልን ይዤ እመለሳለሁ።

አምና ከብሔራዊ ቴአትር ተነስቼ ማዘጋጃ ቤት ድረስ ስወጣ ፔዳል የምነካው አንድ ሁለት ቦታ ላይ ብቻ ነበር። ከ3 ወር ወዲህ ግን ጉልበቱ ቀስ በቀስ እየከዳኝ መጣ። አሁን ጥቁር አንበሳን ሳልፍ ድምፁ ይወፍራል፣ ይታፈናል። ጋዝ ስጨምርለት ይብስበታል፤ ትንሽ ስመልስለት ነፍስ ይዘራል። ቴዎድሮስ አደባባይ ሳልደርስ ወርጄ መግፋት ነው። ሜዳ ላይ እስከ ግማሽ ጋዝ ደህና ይሄዳል።

አንድ መካኒክ ኮምፕሬሽን (ሞተሩ አየር የሚጨምቅበትን ግፊት) በፒኤስአይ ለክቶ «88 ነው፣ ይሄ ሞተር አልቆለታል፤ ፒስተንና ፋሻ ይቀየር፣ ሲሊንደሩም ይወለድ» አለኝ። ፋሻ ፒስተኑን የሚከብበው ቀለበት ነው፤ መወለድ ያለው ደግሞ የሲሊንደሩ ውስጥ ተፍቆ እንዲሰፋ ነው። የጠየቀኝ ገንዘብ የ2 ሳምንት ገቢዬ ነው። ከፍዬ ችግሩ ያው ቢሆንስ ብዬ ፈራሁ። እንጀራዬ በዚህ ሳይክል ላይ ነው።


ካቴና
ማክሰኞ፣ ማታ 3፡15

ወንድሜ አይዞህ፣ ገና ምንም አትክፈል። መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። ዳገቱ ላይ ሞተሩ እየጮኸ ሳይክሉ ነው የማይሄደው? ወይስ ሞተሩ ራሱ ነው የሚወድቀው? ሞተሩ ጮኾ ጎማው ካልተከተለው ፍሪሲዮኑ (ሞተሩን ከጎማው ጋር የሚያያይዘው) እየተንሸራተተ ነው፤ ፋሻ ብትቀይር ለውጥ አታይም። ድምፁ ራሱ ከወረደ ግን ጉዳዩ ሞተሩ ውስጥ ወይም በሚገባውና በሚወጣው ላይ ነው።

ሁለተኛ፣ የኋላውን ጎማ አንሳና በእጅህ አሽከርክረው፤ ፍሬን ይዞት ወይም ካቴናው ተወጥሮ እንዳይሆን።

ሦስተኛ፣ ቤንዚኑን የሚለኩሰውን ካንዴላ ፍታና ቀለሙን ንገረን። ግን ቤት ቆሞ ሲንተከተክ ከቆየ በኋላ አትፍታው። ዳገቱ ላይ ሙሉ ጋዝ ሰጥተኸው ሲታፈን፣ እዚያው ፍሪሲዮን ያዝና ሞተሩን አጥፋ፤ መንገዱ ዳር ቆመህ ፍታው። ውሸት የማይናገረው ያኔ ነው።

ዘይትና ቤንዚን በምን ልክ ነው የምትቀላቅለው?


ፈጣን 66
ማክሰኞ፣ ማታ 3፡40

ጭስ አለው? ካለው የዘይት ብዛት ነው። ለ5 ሊትር 80 ሚሊ ብቻ አድርግበት፣ ነገ ይበራል። እኔም የሆነ ጊዜ እንደዚያ አድርጌ ጭሱ ጠፍቶልኛል።


ቬስፓ ዘመን
ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡20

ልጆች፣ ደህና አደራችሁ። ይህችን ነገር ሳላርም ወደ ሥራዬ መሄድ አልቻልኩም።

ቱ ስትሮክ ሞተር ሆዱ ውስጥ የተቀመጠ ዘይት የለውም። ኩሽኔታው፣ ፒስተኑ፣ ፋሻው የሚለሰልሱት ከቤንዚኑ ጋር በሚገባው ዘይት ብቻ ነው። ለ5 ሊትር 80 ሚሊ ማለት አንድ እጅ ዘይት ከ60 እጅ ለሚበልጥ ቤንዚን ማለት ነው። በአየር የሚቀዘቅዝ፣ ርካሽ ኩሽኔታ ያለው ሞተር በዚህ ልክ ዳገት ሲወጣ ፒስተኑ ይነክሳል። ፈጣን፣ አንተም ከእንግዲህ አትሞክረው።

ሌላም ነገር አለ። ቤንዚኑን ከአየር ጋር የሚያገናኘው ካርቡሬተር የሚለካው የተቀላቀለውን ፈሳሽ ነው እንጂ ዘይትና ቤንዚኑን ለይቶ አያውቅም። ዘይት ስትቀንስ በዚያው ቀዳዳ የሚያልፈው ቤንዚን ይበዛል። የሚታፈን ሞተር ላይ ዘይት መቀነስ ማፈኑን መጨመር ነው።

ጠያቂው ልጄ፣ አንተ ደግሞ ካቴና የጠየቀህን ሦስቱንም መልስ። እኔ ልቤ ጢሱ የሚወጣበት ማርሚታ ላይ ነው፤ ግን ካንዴላውን ሳናይ አልናገርም።


ፈጣን 66
ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡05

ጋሼ ይቅርታ፣ አላወቅኩም ነበር። ዛሬውኑ መልሼ አስተካክላለሁ። ጠያቂው፣ ያልኩህን ተወው።


የሠራተኛ ሰፈር ልጅ
ረቡዕ፣ ማታ 3፡00

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ያየሁትን ልዘርዝር።

ሞተሩ ራሱ ነው የሚወድቀው፤ አይጮህም። ጎማው በነፃነት ይዞራል። ካንዴላውን ትግላችን ሐውልት ፊት ለፊት ቆሜ ፈታሁት፤ ጥቁር ነው፣ እርጥብ ነው፣ በጣቴ ስነካው እንደ ጥላሸት ያዘኝ። ቅልቅሉ ለ5 ሊትር 300 ሚሊ ነው። ወንድሜ ሞተሩ አዲስ እያለ እንዲህ አድርግ ብሎኝ ነበር፤ እስካሁን በዚያው ነኝ።

የቤንዚኑን ጋን ክዳንም ከፍቼ ሞከርኩ፣ አየር ታፍኖበት እንደሆነ ብዬ። ለውጥ የለም። ቱቦውን ነቅዬ ወደ ጠርሙስ ሳፈስሰው በደንብ ይወርዳል።


ካቴና
ረቡዕ፣ ማታ 3፡20

ጥሩ አድርገሃል። ጥቁርና እርጥብ ካንዴላ ማለት ቤንዚን በዝቷል ወይም አየር አንሷል፤ አለዚያም የተቃጠለው መውጫ አጥቷል። ጤነኛ ካንዴላ ጫፉ ማኪያቶ የመሰለ ቀለም አለው። ነጭ ሆኖ ብታየው ነበር የምንደነግጠው።

አሁን የማያስከፍሉትን እንጨርስ። የአየር ማጣሪያውን ስፖንጅ አውጥተህ እጠበው፣ አድርቀው። የቾኩን፣ ማለትም የአየር መዝጊያውን፣ ዘንግ ደግሞ እየው፤ እነዚህ ካርቡሬተሮች ላይ ከሞተሩ መንቀጥቀጥ የተነሳ ዘንጉ በራሱ ወደ መዝጊያው ይንሸራተታል። ግማሽ የተዘጋ ቾክ ይዘው ወር ሙሉ የሚነዱ ሰዎች አይቻለሁ።


የፊዚክስ መምህሯ
ረቡዕ፣ ማታ 4፡10

ስለ ሞተር የማውቀው ከእናንተ ያንሳል፤ የማስተምረው አራት ኪሎ አካባቢ ነው፣ ባለቤቴ እንደዚህ ዓይነት ሳይክል አለው። ስለ «88» ግን ዝም ማለት አልቻልኩም፤ አንድ ሰው ለሁለት ሳምንት የደከመበት ገንዘብ የተንጠለጠለው እዚህች ቁጥር ላይ ነው።

የኮምፕሬሽን ጌጅ የሚነግረን ሞተሩ የሳበውን አየር ምን ያህል እንደጨመቀው ነው። የሚሳበው አየር ደግሞ እዚህና ባሕር ጠረፍ ላይ አንድ አይደለም። በባሕር ወለል የአየሩ ግፊት 101 ኪሎ ፓስካል ነው። ፒያሳ ከ2,400 ሜትር ከፍታ ብዙ አትርቅም፤ በዚያ ከፍታ ግፊቱ 76 አካባቢ ነው። ሩቡ የለም ማለት ነው። ቤታችን ውስጥ ውኃ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ የሚፈላው፣ ምስሩም እሳት ላይ የሚቆይብን በዚህ የተነሳ ነው።

ስለዚህ ጠረፍ ላይ 120 የሚያነብ ሞተር፣ አንዲት ብሎን ሳትላላ፣ እዚህ 90 አካባቢ ያነባል። አስልቼ ነው የምነግርህ። «ከ100 በታች ከሆነ አልቋል» የሚለው ልክ በውጭ ቪዲዮዎች ላይ ለዝቅተኛ አገር የተነገረ ነው። መካኒኩ ሊጎዳህ ፈልጎ ላይሆን ይችላል፤ ቁጥሩን እንደሰማው ተጠቅሞበት ይሆናል። ነገር ግን 88 ለፒያሳ የሞተ ሞተር ቁጥር አይደለም።

ደግሞ ሲለካ ጋዙ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ነበር? ተዘግቶ ከተለካ አየር ስለማይገባ ያንሳል። ከቻልክ ጋዙን ከፍተህ አስለካው። ከዚያ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምረህ ድገመው፤ በጣም ከጨመረ ፋሻው ያሳልፋል፣ ብዙም ካልተነሳ ፋሻው ደህና ነው።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ከፍታው ከሞተርህ ጉልበት ሩብ ያህል ይወስዳል፤ ይህ እውነት ነው። ግን አምናም ይወስድ ነበር። አምና ቸርችልን ያወጣህ ሞተር ዘንድሮ ካልቻለ፣ ተጠያቂው ከፍታው ብቻ ሊሆን አይችልም። በ3 ወር ውስጥ የተለወጠውን ነገር ፈልግ።


ቬስፓ ዘመን
ሐሙስ፣ ጠዋት 1፡10

መምህርት፣ እግዜር ይስጥልኝ። ስንት ዓመት በእጄ የማውቀውን ዛሬ በቁጥር አስረዱኝ። ከአሰብ የመጣ ሞተር እዚህ ሲደርስ ይከብደዋል እንል ነበር፤ ጌጁም እንዲሁ እንደሚወርድ ግን እንዲህ አብራርቶ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ልጄ፣ አሁን ልናገር። ሁለት ዓመት ሙሉ 300 ሚሊ ዘይት፣ በዚያ ላይ ቀጭን አየር፤ ቤንዚኑ ለአየሩ በዝቶ ዘይቱ ሳይቃጠል ይወጣል። ይወጣል ስልህ አይወጣም፤ ማርሚታው ውስጥ ይጋገራል። ጋዝ ስትሰጠው የሚብሰው ለዚህ ይመስለኛል። ትንሽ ጋዝ ላይ ያለው ጢስ በጠበበው ቀዳዳ ያልፋል፤ ብዙ ስትሰጠው አያልፍም፣ ተመልሶ ሞተሩን ያፍነዋል። በአንድ ቀን የሚመጣ በሽታም አይደለም፤ አንተ እንዳልከው ቀስ በቀስ ነው የሚከዳህ።

ፈትነው። የማርሚታው ጫፍ ላይ አንድ ብሎን አለች። እሷን ፍታና ክዳኑን ከውስጥ ቱቦው ጋር ስበህ አውጣ። ክዳኑ በሌለበት አንዲት አጭር ዳገት ሞክር፤ ይጮሃል፣ ሰው ይረበሻል፣ ስለዚህ አንዴ ብቻ። ጉልበቱ ከተመለሰ አገኘኸው።

ስታጸዳው፤ ቱቦውን ግቢ ውስጥ በተያያዘ ከሰል ላይ አስቀምጠውና ጥላሸቱ ነድዶ እስኪያልቅ ጠብቅ። ሳይክሉም የቤንዚን ጀሪካኑም ከዚያ ይራቁ፤ ጢሱንም አትሳበው። ሲቀዘቅዝ አንኳኳው፣ ቅርፊቱ ይረግፋል። ከዚያ ማርሚታውን ከሲሊንደሩ ፈትተህ የመውጫውን አፍ እየው፤ እዚያም ጥላሸት ይኖራል። ፒስተኑን ወደ ላይ አምጥተህ ቀዳዳውን በጎኑ እንዲዘጋው አድርግ፣ ፍርፋሪው ወደ ውስጥ እንዳይገባ። የምትፍቀው በእንጨት ነው፤ በካቻቢቴ አይደለም፣ አልሙኒየሙ ይቧጨራል። ስትመልሰው መጋጠሚያው ላይ አዲስ ጓርኒሲዮን (ጢስ እንዳያሾልክ መሃል የሚገባውን) አድርግበት።

ስለ መወለድ ደግሞ፤ የእነዚህ ሲሊንደሮች ውስጠኛ ግድግዳ አብዛኛውን ጊዜ ክሮም የተቀባ አልሙኒየም ነው። ከተወለደ ክሮሙ ይነሳል፣ ሞተሩም ያኔ ያልቃል። ማንም እንዲነካብህ አትፍቀድ።


ጎላ ሰፈር
ሐሙስ፣ ከሰዓት 9፡30

ከጋሼ ጋር ነኝ። የኔም ማርሚታ ነበር። ጫፉ ላይ ያለችው ቱቦ የእርሳስ ውፍረት ብቻ ቀርታ ነበር።


የሠራተኛ ሰፈር ልጅ
ዓርብ፣ ማታ 3፡30

ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ!

የውስጥ ቱቦው በአንድ በኩል ፈጽሞ ተደፍኗል፤ በሌላው በኩል ብርሃን የሚያልፍባት ጠባብ ቦታ ብቻ ነበረች። ያለ ክዳኑ ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ ፒያሳ ወጣሁ፤ ፔዳል አልነካሁም። እናቴ ቡና ካፈላች በኋላ የቀረውን ከሰል ሰጠችኝና አቃጠልኩት። ከሲሊንደሩ አፍ ላይ ያወጣሁት ቅርፊት ብቻ አንድ ሲኒ ይሞላል። የአየር ስፖንጁም በዘይት የታጨቀ ነበር፣ አጠብኩት። ዘይቱን ለ5 ሊትር 200 ሚሊ አደረግኩ።

ኮምፕሬሽኑንም ጋዙን ከፍተን ሌላ ቦታ አስለካሁ፤ 92። በማንኪያ ዘይት ጨምረን ደገምነው፣ 96። መምህርት፣ ፋሻው ደህና ነው ማለት ነው አይደል?

ግን አንድ ነገር ግራ ገብቶኛል። ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ ቸርችልን ወጣሁት፣ እንደ አምናው ነው፣ ማልቀስ ነው የቀረኝ። ማታ 1፡00 ላይ ስመለስ ደግሞ ማዘጋጃ ቤቱ ሥር መቆራረጥ ጀመረ። እንደ በፊቱ አይደለም፤ አይታፈንም፣ ይዘላል፣ አንዱን መትቶ አንዱን ይስታል። ጭነቱ ያው፣ መንገዱ ያው።


የፊዚክስ መምህሯ
ዓርብ፣ ማታ 3፡55

አዎ፣ ደህና ነው። ብርህን ኪስህ አቆየው።


ካቴና
ዓርብ፣ ማታ 4፡05

ቆይ፣ አንድ ጥያቄ። ምሳ ሰዓት ላይ ያልነበረ፣ ማታ ላይ ያለ ነገር ምንድን ነው? መብራት አለህ? ከየት ነው የሚበራው?


የሠራተኛ ሰፈር ልጅ
ዓርብ፣ ማታ 4፡12

አለኝ። ባለፈው ክረምት ነው ያስገጠምኩት። ከሞተሩ ከምትወጣው ነጭ ሽቦ ነው የቀጠሉልኝ።


ካቴና
ዓርብ፣ ማታ 4፡30

አገኘናት። ሞተሩ ውስጥ ኤሌክትሪክ ከሚያመነጨው ማግኔት ሦስት ሽቦ ይወጣል፤ ሰማያዊ፣ ጥቁርና ነጭ። ሰማያዊና ጥቁሩ እሳት ወደሚያመነጨው ሲዲአይ ይሄዳሉ። ነጯ ግን የራሷ ምንጭ የላትም፤ የምትስበው ካንዴላውን ከሚያበራው ከዚያው ጥቅል ላይ ነው። መብራቱ ሲበራ ከእሳቱ ላይ ይቀንሳል። ሜዳ ላይ ብዙም አይታወቅህም። ዳገት ላይ ሙሉ ጋዝ ስትሰጠው ግን ሲሊንደሩ ይሞላል፣ በተጨመቀ አየር ውስጥ ለመዝለል ደግሞ ብርቱ እሳት ያስፈልጋል። የደከመው እሳት እዚያ ላይ ይከሽፋል። ማርሚታው ተደፍኖ ሳለ ሁሉም መታፈን ስለነበር ይሄኛው አልተለየልህም።

ነጯን ንቀላት፣ ጫፏን በደንብ በስኮች ጠቅልላት፣ የትም ብረት እንዳትነካ። መብራትህን በባትሪ የሚሠራ መሪ ላይ የሚታሰር አድርገው። ያለ መብራት ግን እንዳትነዳ፤ ቸርችል ማታ ታክሲውም ባሱም ይፈጥናል። ሌላው፣ ካንዴላው ሁለት ዓመት ከሠራ ቀይረው። ኤንጂኬ ቢ6ኤችኤስ ለዚህ ሞተር ይሆናል፤ ክፍተቱን ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊ ሜትር አድርገው።


የሠራተኛ ሰፈር ልጅ
ሰኞ፣ ማታ 2፡40

ቅዳሜም ዛሬም ማታ ወጣሁት። አንዴም አልዘለለም። ከብሔራዊ እስከ ማዘጋጃ ቤት፣ ፔዳል የነካሁት ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ መኪና አስቁሞኝ ስነሳ ብቻ ነው። የወጣልኝ ወጪ ካንዴላ፣ ጓርኒሲዮንና የእጅ ባትሪ መብራት ነው።

ካንዴላውን እንደነገራችሁኝ ዳገቱ ላይ ፈትቼ አየሁት። እርጥበቱ ጠፍቷል፣ ግን አሁንም ከማኪያቶ ይልቅ ወደ ጥቁር ቡና ያደላል። ሙሉ ጋዝ ላይም ትንሽ ይንተባተባል። ይህ የመምህርት ከፍታ ይሆን?


ቬስፓ ዘመን
ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡30

እሱ ነው ልጄ። ሞተሩ የመጣው ለወፍራም አየር ተለክቶ ነው። ሁለት ቦታ ላይ ታስተካክለዋለህ።

መጀመሪያ ነፃውን። የካርቡሬተሩን ክዳን አውጥተህ ከጋዝ ገመዱ ጋር የምትንጠለጠለውን መርፌ እያት። አናቷ ላይ ትንንሽ ቦዮች አሉ፣ አንዱ ላይ ክሊፕ ተሰክቷል። ክሊፑን አንድ ቦይ ወደ ላይ አድርገው፤ መርፌዋ ዝቅ ትላለች፣ ቤንዚኑ ይቀንሳል። ይህ መካከለኛው ጋዝ ላይ ነው የሚሠራው።

ሙሉ ጋዝ ላይ ያለው መንተባተብ ግን የዋናዋ ጂግለር ነው፤ ከታች ኩባያው ውስጥ ያለችው፣ ቀዳዳ ያላት የናስ ብሎን። ላይዋ የተጻፈው ቁጥር ባነሰ መጠን ቤንዚኑ ያንሳል። ጥርሷ ከካርቡሬተር ካርቡሬተር ስለሚለያይ አሮጌዋን ይዘህ ሂድ። አንድ ሁለት ቁጥር ብቻ ዝቅ አድርግ፤ ዳገት ውጣ፣ ካንዴላ እይ፣ እንደገና ዝቅ አድርግ። አትቸኩል። ካንዴላው ወደ ነጭ ካደላ አልፈኸዋል፤ ሞተሩ ይግላል፣ ፒስተን ይበላል። ጥቁር ካንዴላ ጉልበት ነው የሚነሳህ፤ ነጭ ካንዴላ ሞተሩን ነው የሚነሳህ።

የኋላው ጎማ ላይ ካቴናውን የሚይዘው ጥርስ ብዛቱ ምናልባት 44 ይሆናል። ወደ 48 ከፍ ብታደርገው ፍጥነትህ ትንሽ ይቀንሳል፣ ዳገት ላይ ግን ይቀልለዋል። ለቸርችል እኔ 48 ነበር የምመርጠው።


የሠራተኛ ሰፈር ልጅ
እሑድ፣ ከሰዓት 10፡15

ክሊፑን አንድ ቦይ ከፍ አደረግኩ፣ ጂግለሯንም ሁለት ቁጥር ዝቅ አድርጌ ቀየርኩ። መንተባተቡ ቀርቷል፣ ካንዴላው ማኪያቶ ሆኗል። ጥርሱን ብር ሳጠራቅም እቀይራለሁ።

ጋሼ፣ አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ወንድሜ የሚኖረው አዳማ ነው። ለበዓል ሳይክሉን አይሱዙ ላይ ጭኜ ወስጄለት እዚያ ጥቂት ቀን ሊነዳው ይፈልጋል። እንዲሁ ልስጠው?


ቬስፓ ዘመን
እሑድ፣ ማታ 1፡05

እንዲሁ አትስጠው። አዳማ 1,700 ሜትር አካባቢ ነው፣ አየሩ ከእኛ ይወፍራል፣ ሙቀቱም አለ። ለፒያሳ የለካናት ጂግለር እዚያ ቤንዚን ታሳንሳለች። አሮጌዋን አልጣልካትም አይደል? እሷን መልስ፣ ክሊፑንም ወደ ነበረበት ዝቅ አድርግ፤ ከዚያ ካንዴላውን አይቶ ይንዳ።


የሠራተኛ ሰፈር ልጅ
እሑድ፣ ማታ 1፡20

አልጣልኳትም ጋሼ። በላስቲክ ጠቅልዬ ኮርቻው ሥር ባለችው የመፍቻ ቦርሳ ውስጥ ናት።